ለሁለት የተከፈለችው ኮምፒውተር

አንቺ ልጅ፣ ስድቤን ሳትቀንሺ ጻፊ!

ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር፣ ከአልማዝ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አገር ቤት ጦርነቱ ሲነሳ እሷ ከወዲያኛው ወገን፣ እኔ ከወዲህኛው ሆንንና ተኳረፍን። በጋራ የገዛናት ኮምፒውተር ግን አንድ ናት። ኮምፒውተር ሠሪው፣ ጅግጅጋ የተማረ የሀርጌሳ ሰው፣ ሁለት ዊንዶውስ ጫነባት፤ አሮጌው ለእኔ፣ አዲሱ ለእሷ።

"ወላሂ፣ እናንተን ከማስታረቅ ይሄ ይቀላል" አለን።

ስትከፍቻት የቱን እንደምትፈልጊ ትጠይቅሻለች። ቶሎ ካልመረጥሽ ራሷ አዲሱን ትከፍታለች። አንድ ቀን አልማዝ ድስት ሳታጥብ ሄዳ፣ እሷን እየረገምኩ መምረጡን ረሳሁትና የእሷው ተከፈተ። ፊት ለፊት "ካሳ" የሚል ፎልደር!

ካሳ ወንድሜ ነው። ጦርነቱ ከተማችን ከገባ ወዲህ ይሙት ይኑር አላውቅም ነበር። ፎልደሩን ብከፍተው የሱ ፎቶዎች፣ ከእኔ ዊንዶውስ የተገለበጡ! ደሜ ፈላ። ለነዚያ ልትጠቁመው ነዋ!

እሷም ከሥራ ገባች።

"አንቺ ሰላይ! ወንድሜን ለማን ልትሸጪው ነው?"

ጫማዋን እያወለቀች፣ "እንዲፈልጉት ለቤተሰቦቼ ልኬ ነው" አለች። "የመጨረሻው ፎቶ ዛሬ ጠዋት፣ ልወጣ ስል ነው የደረሰኝ። እሱን እዪና ከዚያ ስደቢኝ።"

"እሰድብሻለሁ፣ ምን ይቀርልሻል!" እያልኩ ከፈትኩት።

ካሳዬ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ መደብ ላይ ተቀምጧል። የአልማዝ እናት በእጃቸው ያጎርሱታል።