ሁለት ልብ ያላት ጋላክሲ

ለጥምቀት ወደ እስቴ ስሄድ ልቤ ያበጠ ሰው ነበርኩ። ከጎረቤት ጋላክሲዎች የአንዷን ምስል በራዲዮ ሞገድ ሠርቼ፣ መሐሏ ላይ ማንም ያላየውን ሁለተኛ ብሩህ ነጥብ አግኝቻለሁ። ለዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ገና አልነገርኩትም፤ ለጋዜጠኞች የምመልሰውን ግን ጨርሼ አጥንቻለሁ።

መካነ ኢየሱስ ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት እንደገባሁ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ገብስ ሲያበራዩ የነበሩት አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩና «የተደፋ አጥሚት ነው» ብለው ወደ አውድማቸው ተመለሱ።

አጎቴ ግን ተጠግተው ተቀመጡ። መሪጌታ ናቸው፤ ከምላሳቸው የሚተርፍ ሰው የለም።

«በምን አየሃት?»

«በራዲዮ።»

«ራዲዮ እኔም አለኝ። ሲቀባጥር እንጂ ሲያይ አላጋጠመኝም።»

ተራርቀው የተተከሉ ብዙ ዲሾች ሰማዩን አብረው እንደሚያዳምጡ፣ የሰሙት ሲዋሐድ እንደ አንድ ግዙፍ ዲሽ እንደሚሆን፣ በተራራቁም ቁጥር ምስሉ እንደሚጠራ አስረዳኋቸው።

«ማኅሌት ነዋ!» አሉ። «ታዲያ አንዱ ቢዘገይስ? እኛ ዘንድ አንድ ሰነፍ ደብተራ ወደ ኋላ ከቀረ አንዱ ዜማ ሁለት ሆኖ ይሰማል።»

«ሰዓታቸው አይሳሳትም።»

«አይተሃል?»

«አዎ» አልኩ። አላየሁም ነበር።

ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ጎተራው ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ የእያንዳንዱን ዲሽ ሰዓት መመርመር ጀመርኩ። ከሁሉም ርቆ የተተከለው ዲሽ ዘግይቷል፤ ማረም የነበረብኝ እኔ፣ ረስቼዋለሁ። እሱን አውጥቼ ምስሉን እንደገና ሠራሁት። ሁለተኛዋ ነጥብ ድራሿ ጠፋ። ለካ ማንም ያላያት ስላልነበረች ነው።

አፍሬ ለአጎቴ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ።

«ሰነፉን ምን አደረግኸው?»

«አባረርኩት።»

«አይ ሞኝ! ድምፁ ጥሩ ከሆነ ደብተራ አይባረርም። ጊዜውን አስተካክለህ መልሰው።»

የዘገየበትን አርሜ መለስኩት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ምስሉ ወጣ፤ የጋላክሲዋ ክንዶች እንደ ተፈተለ ጥጥ ቀጥነው፣ ቀድሞ ተድበስብሰው የነበሩት የጋዝ ክሮች አንድ በአንድ ተለይተው ታዩ። እንዲህ የጠራ ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር። አጎቴ ብዙ አዩዋትና አማተቡ።

አማካሪዬ ምስሉን ሲያይ «ይህን ጥንቃቄ ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ዘመድ መከረኝ አልኩት። ስለዚያች ነጥብ ለእሱ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልኩም።