ሦስተኛው እጅጌ

የባሌ ታላቅ እህት የምትሰፋው እጅጌ ብቻ ነው። እትዬ እላታለሁ። አብረን በምንሠራበት ልብስ ስፌት ኮሌታው ለአንዷ፣ ኪሱ ለሌላዋ፣ ቁልፉ ለእኔ ነው የተሰጠው። እሷ ጸጉሯ ሳይሸብት ገብታ እዚያው ሸበተች፤ አንድም ቀን ግን ሙሉ ልብስ ሰፍታ አታውቅም። «እኔ እኮ ገላ የሌለው እጅ ነኝ» እያለች ትቀልድ ነበር። ቀልዱ ከማርጀቱ የተነሳ የሚስቅላት አልነበረም።

ልጄን ላስከትብ የሄድኩ ቀን አብራኝ መጣች። ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ባለ ሥዕል የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የወሩ ሥዕል ሰው የሌለበት ካፖርት ነው፤ ባሕር ላይ ቆሟል። በኮሌታው በኩል ጭንቅላት መውጣት ሲገባው ደረጃ ወጥቶ ደመና ውስጥ ይገባል። ከሥሩ «ሱሪያሊዝም፦ ሕልምን እንደ ዕለት ኑሮ የመሳል ጥበብ» ይላል። ልጄ በመርፌው እሪ ሲል እንኳ እሷ ዓይኗን ከሥዕሉ አልነቀለችም።

«ይሄን የሳለው ሰው አለቃ አልነበረውም ማለት ነው» አለችኝ ስንወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እሷ ከቦታዋ አትነሳም። ለጥበቃ ሠራተኞች ከምንሰፋው ሰማያዊ ጨርቅ የተረፈውን ቁርጥራጭ እየለቀመች ጃኬት መገጣጠም ጀመረች። ኮሌታውን ራሷ፣ ኪሱን ራሷ። ቁልፉን ልትከልላት ብል «ተይ፣ የዛሬን ለእኔ ተይው» አለች። በመጨረሻ ደረቱ ላይ፣ በልብ በኩል፣ ትንሽዬ ሦስተኛ እጅጌ አወጣችለት።

«ይሄኛው ለየትኛው እጅ ነው፣ እትዬ?»

«ሥራ ለማይሠራው።»

ቤቷ፣ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ልትሰቅለው ምስማር መትታ ጨርሳ ነበር።

ጃኬቱ ያለቀው ጭነት በሚወጣበት ቀን ነው። እጇን ልትታጠብ ስትሄድ ስፌት መኪናዋ ላይ ትታው ሄደች። ልብስ ሰብሳቢዋ ከሌላው ጋር አፍሳ ወሰደችው። ካውያው፣ ተኳሻችንን እንዲህ ነው የምንለው፣ ተኩሶ አጠፈው። ፈታሿ «ተፈትሿል» የሚለውን ወረቀት ሰካችበት። እትዬ ከውሃው ወረፋ ስትመለስ ጭነቱ ወጥቷል።

ሳምንት ሳይሞላ ጃኬቱ ተመለሰ። አለቃችን በሁላችን ፊት አንጠለጠለው።

«ጥበቃው በሁለት እጁ ሌባ ይዞ በሦስተኛው ስልክ እንዲደውል ነው?»

ሁሉም ሳቀ። አለቃው ወደ ካውያው ዞረ። «አንተስ ስትተኩሰው አላየኸውም?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ሲያስቸግረኝ ጊዜ ወደ ውስጥ አጠፍኩት እንጂ።»

እትዬ ፊቷ የተለወጠው ያን ጊዜ ነው። በስንት እጅ አልፎ አንድ ዓይን አላረፈበትም።

«የማን ስህተት ነው?» አለ አለቃችን።

ስህተት ከሆነ ተተርትሮ ይስተካከላል። ሆን ተብሎ ከሆነ ግን የድርጅት ጨርቅ መስረቅ ነው፣ ያባርራል። ባሏ አልጋ ከያዘ ቆይቷል፤ ቤቱ የቆመው በእሷ ነው። እኔ «ስህተት አይደለም» እንድትል እየተመኘሁ፣ እንዳትልም እየጸለይኩ ቁልፌን ጨብጬ ቀረሁ።

«የእኔ ነው» አለች። «ተሳስቼ ነው።»

«እጅጌ ስትሰፊ ኖረሽ ማቆም አቃተሽ አይደል? በይ ተርትሪው፣ ኪስ ይለጠፍበት።»

በሁለት እጇ የሠራችውን በሁለት እጇ ፈታችው፤ ክሩን እንኳ ሳትበጥስ፣ ቀስ ብላ። ቀዳዳው ላይ ኪስ ተለጠፈና ጃኬቱ ተመልሶ ሄደ። ይኸው አንዱ ዘበኛ ለብሶት የሆነ በር ላይ ቆሟል።

ትንሿን እጅጌ ከቁርጥራጭ ሣጥኑ አንስቼ ብሰጣት «ለልጅሽ አሻንጉሊት አድርጊለት» አለችኝ። አላደረግኩም። አንድ ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ ከልጄ ልብሶች ጋር አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ቤቷ ሄጄ ምስማሩን አየሁት። የሥራ ሽርጧ ተሰቅሎበታል።