ዳቡስ ዜሮ የሆነ ዕለት

ክልሉ ለእኔ አዲስ፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ፣ ድረ ገጹም አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ በምሠራበት የውሃ ቢሮ፣ ከዳቡስ ዳር በስልክ የሚነገረኝን የወንዙን ከፍታ ገጹ ላይ ባለችው ሣጥን ውስጥ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ከአደጋው መስመር ካለፈ፣ ገጹ ራሱ ወንዙን ተከትለው ለሚኖሩት ሰዎች መልእክት ይልካል። የሰዎቹ ስልክ እዚያው ገጹ ውስጥ እንጂ እኔ ዘንድ የለም። ገጹን የሠራው ልጅ ኩራተኛ ነበር።

«ቁጥር ካልሆነ አይቀበልም፤ ማንም አያበላሸውም» አለኝ።

የሚደውሉልኝ የወንዙ ከፍታ መለኪያ ጠባቂ፣ አንድ የበርታ አዛውንት ነበሩ። ሰኔ ውስጥ አንድ ማለዳ እየጮሁ ደወሉ።

«እህቴ፣ መለኪያ የለም! ውሃ በላው። ልጄ ታች ነው፣ ወርቅ ያጥባል። ቶሎ ንገር!»

አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም እንጂ፣ የነበረቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን አላሳሳቀም።

«መለኪያው ሰጥሟል» ብዬ ጻፍኩ። ገጹ በቀይ መለሰልኝ፦ «እባክዎ ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ።» «ሞልቷል» አልኩት። ያንኑ ደገመልኝ። ሣጥኗን ባዶ ትቼ ነገሩን ከታች ማስታወሻው ላይ ጽፌ ላክሁ። ይህን ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀበለኝ። ዞር ብዬ ሳይ፣ ዳቡስ ዜሮ ተብሎ በአረንጓዴ ተጽፏል።

ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። ትልቅ ቁጥር ጽፌ ማስጠንቀቂያው ይሂድ ብዬ ለመንኩት።

«አረንጓዴ ነው እኮ የሚለው! ደግሞ ያልተለካ ቁጥር አይጻፍም» ብሎ አፈጠጠብኝ። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ልጅቷን ከሰዓት በኋላ፣ ከታች ቁጥቋጦ ይዟት አገኟት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ገጹን የሠራው ልጅ በዚያው ዕለት መጣ። ባዶውን ሣጥን ገጹ እንደ ዜሮ ይቆጥረው ኖሯል። ባዶም እንዳይቀበል አድርጎ አስተካከለውና ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ አልጮኸም። አባትየው ልጃቸውን ሊቀብሩ ሄደዋል፤ መለኪያውን ያየ ሰው የለም። ሣጥኗን ባዶዋን ላክሁ። «እባክዎ ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» አለኝ በቀይ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

«በዚህ ይለቀሳል እንዴ?» አለኝ። «የሆነ ቁጥር ጻፊለት።»