ከመጋዘን ያመለጠው ምድጃ

አለቃዬን መጥላት የጀመርኩት ምድጃው አልሠራ ባለን ጊዜ አይደለም። የጠላሁት ሠርቶ ካበቃ በኋላ ነው።

ሶዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። ምድጃውን የሠራሁት ከከተማው ገበያ ጀርባ ብየዳ ቤት ካለው ሰው ጋር ነው። ምድጃው የቡና መፈልፈያዎች አውጥተው የሚጥሉትን ገለፈት ያነዳል። ከሥሩ በሶላር የሚዞር ትንሽ ማራገቢያ ስላለው ጭስ የለውም ማለት ይቻላል።

አለቃዬ ለእንግዳ ማሳየት ይወድ ነበር። እኔ እለኩሳለሁ፣ እሱ ያብራራል። "በያጁ ሠርቶ ይሽጠው" ባልኩት ቁጥር "ገና ጥናት ይቀረዋል" ይለኛል።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እንግዳ እሳቱን አይተው፣ "ይሄ የት ይገዛል?" ብለው ጠየቁ።

"በጥናት ላይ ነው" አለ።

"ጥናቱ አልቋል" አልኩ። "የቀረው የእርሳቸው ፈቃድ ብቻ ነው።"

እንግዳዋን ሸኝቶ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። "ሁለተኛ ሰው ፊት ብታዋርጂኝ እዚህ ግቢ እግርሽ አይረግጥም!"

በማግስቱ ምድጃው መጋዘን ገብቶ፣ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። መጥቼ እንድለምነው ነበር የፈለገው። በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። በያጁ ነገሩን ሰምቶ ሲስቅ ቆየና ብረት መቁረጥ ጀመረ።

አዲሱን ምድጃ በሚኒባስ ጭነን በዴሳ ወደምትባለው ከተማ ገበያ ወሰድነው። ሰው ከቦን ገና እሳቱ መያዙ ነበር፤ ከሰል የሚሸጡ አንዲት ትልቅ ሴት ጆንያቸውን ትተው መጡ።

"እንጀራዬን ልትዘጊ ነው የመጣሽው?"

"እማማ፣ ዛፉ ካለቀ በኋላስ ምን ሊሸጡ ነው?" አልኳቸው፤ አነጋገሬ ጨዋ አልነበረም።

"አንቺ ደመወዝሽን ትበያለሽ። እኔ ምን ልብላ?"

ተናደድኩና "ዞር በሉልኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ሴትዮዋ ዞር አላሉም። አጠገባቸው የነበረውን ጆግ አንስተው ውሃውን እሳቱ ላይ ደፉት። ማራገቢያው ጭጭ አለ። ገበያተኛው ሳቀ። በያጁ ክንዴን ባይይዘኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ልንሄድ ስንሰናዳ፣ እዚያው ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ የምትሸጥ ሴት ጠራችን። ዓይኖቿ በእንጨት ጭስ ቀልተዋል።

"ሌላ ሠርታችሁ አምጡልኝ" አለች። ወደ ከሰል ሻጯ ዞራም በወላይትኛ፣ "የኔ ላይ ውሃ የሚደፋ ካለ እናያለን" አለች።

የመጀመሪያውን የገዛችው እሷ ናት። ከእሷ ያዩ ሌሎች ምግብ ቤቶችም አዘዙ። ያመሰገነን ግን ሁሉም አይደለም፤ ማራገቢያው አቧራ እየገባበት ሲቆም ስንት ጊዜ ተሰደብኩ። አሁን በያጁ ወንፊት እየገጠመለት ይሸጣል። ከሰል ሻጯ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይመልሱም፤ እኔም መስጠቱን ትቻለሁ።

በቅርቡ አለቃዬ ቢሮው አስጠራኝ። ድምፁ ማር ሆኗል።

"የበዴሳ ምድጃዎቻችን ፎቶ ያስፈልገኛል። ሪፖርት ላይ ላስገባው ነው።"

"ምድጃዎቻችን?"

"የዩኒቨርሲቲያችን ውጤት አይደሉም እንዴ?"

"የእርስዎ ምድጃ መጋዘን ነው ያለው፤ እሱን ያንሱት" አልኩትና በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።