አዲስ ነው ያልኩት የጋዝ መጥበሻ

ጥብስ በከሰል ይሻላል ወይስ በጋዝ የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር እኔ ወይ ሽንት ቤት እሄዳለሁ፣ ወይ ስልክ የተደወለልኝ እመስላለሁ። በቀደም አንድ የሥራ ወዳጄ ግቢው ውስጥ የጥብስ ቦታ ሊያሠራ ፈልጎ፣ «አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?» ቢለኝ፣ «የፈለግከውን አድርግ፤ እኔን ግን አትጨቅጭቀኝ» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ደነገጠ። ይቅርታ ጠየቅኩት እንጂ ምክንያቱን አልነገርኩትም። ምክንያቱ የሚጀምረው ከጋዝም ከከሰልም አይደለም፤ ከእኔ ጉራ ነው።

ደርግ ከወደቀ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ትንሽ ሣር ያላት ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። አስፋልቱ የሚያልቅበት ማዕዘን ላይ የሐጂ ሱቅ አለ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ያኔ ስድሳን ተጠግተዋል። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ሆኖ ከእኛ ጋር የሚለየን አንድ ግንብ ብቻ ነው። ባለቤቴን ምጥ ሲይዛት እኔ መሥሪያ ቤት ነበርኩ፤ ሱቃቸውን ዘግተው በፒካፓቸው ሆስፒታል ያደረሷት እሳቸው ናቸው። እየሮጥኩ ስደርስ ኮሪደሩ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አብሽር፣ ሴት ልጅ ነች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» አሉኝ። የልጄን መወለድ የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው።

የሰፈሬ ሰው ያውቀዋል፣ ለማያውቅ ልንገር። ክርስቲያን የባረከውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ሳይጠራሩ መኖር ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ በድግስ ቀን ሁለት በግ ይገዛል። አንዱን የእኛ ሰው ይባርካል፣ ሌላውን ሐጂ ያርዳሉ። እሳቱም ሁለት ነው። ሐጂ የራሳቸውን የከሰል ምድጃና የሽቦ መጥበሻ ከቤታቸው ይዘው ይመጡና ከእኛ አምስት ስድስት እርምጃ ራቅ ብለው ያቀጣጥላሉ። «ጭሳችሁ የእኛን በግ እንዳያጠምቅብን ንፋሱን ምከሩት» እያሉ ይቀልዳሉ። የከሰል ደጉ ነገር ይኸው ነበር፤ ምድጃው ትንሽ ስለሆነ ማንም የራሱን እሳት በብብቱ ይዞ ጎረቤቱ ጋ ይመጣል። እኔ ግን ያን ጊዜ የሚታየኝ ጥላሸቱ ብቻ ነበር።

ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን መሸጥ ጀመረ። አልጋና ቁምሳጥን ለማየት ሄጄ፣ በረንዳው ላይ የቆመ የጋዝ መጥበሻ አየሁ። ጎማ አለው፣ ክዳን አለው፣ ሲሊንደሩ ከሥሩ ይቀመጣል። ቁልፉን ጠምዘዝ፣ ክብሪት ጫር፣ አለቀ። ማራገብ የለ፣ ዓይን የሚለበልብ ጭስ የለ። አልጋውንም ቁምሳጥኑንም ረሳሁና እሱን ገዛሁ። በጠዋት እየገፋሁ ስመጣ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን ሲጠብስበት እንደኖረ ጠይቀኸዋል?» አለች።

ጠይቄው ነበር። አሳማም ይጠብስበታል። ፈረንጁ ምን አስጨንቆት ይደብቀኛል፣ ለእሱ ሥጋ ሥጋ ነው። እኛ ደግሞ አሳማ አንነካም። ለእሷ እውነቱን ነገርኳት፤ ተቆጣች፣ እኔም ተቆጣሁ። በመጨረሻ በአሸዋና በአመድ ፈተግኩት፣ ሎሚ አሸሁበት፣ የፈላ ውሃ ደፋሁበት፤ እሷም ጸበል ረጨችበት። ለእኛ ይህ ይበቃል ተባባልን። «ለሐጂ ግን አንድ ነገር እንዳትጠብስበት» አለችኝ። «እሳቸው ከሰላቸው አላቸው» አልኳት። የዚያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ጉዱ የመጣው ሰፈሩ መጥበሻውን ማየት ሲጀምር ነው። ሰልባጅ ነው ማለት ሞት መሰለኝ። የጠየቀኝን ሁሉ «ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ ነው፣ ገና ከካርቶን መውጣቱ ነው» እለዋለሁ። ወንድሜ ውጭ አገር መኖሩ እውነት ነው፤ መላኩ ነው ውሸቱ። ለሐጂም ሱቃቸው በር ላይ ይህንኑ ነገርኳቸው። «ማሻአላህ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ልጃችን ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና የተነሳች ዕለት ደገስን። ዘመዶቻችንን፣ ጎረቤቶቻችንን፣ ከመሥሪያ ቤትም አለቃዬን ከነሚስቱ ጠራሁ። አለቃዬ ብዙ ዓመት ውጭ የኖረ፣ ሁሉን ነገር «እዚያ እኮ» እያለ የሚያወዳድር ሰው ነው። እኔ ለእሱ ስል ሣሩን አሳጭጄ፣ መጥበሻውን መሀል ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ክዳኑን አሥር ጊዜ እወለውላለሁ። ክርስትናው የልጄ ነበር፤ ድግሱ ግን የጋዙ መጥበሻ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ሐጂ በጉን ጠዋት አርደው፣ ባለቤታቸው ሥጋውን በራሷ ሳህን ከትፋ አዘጋጅታለች። አለቃዬ በር ላይ መኪናውን ሲያቆም፣ በዚያው በር ሐጂ ከነቤተሰባቸው ገቡ። በነጭ ጀለቢያቸው ላይ ያንን በጥላሸት የጠቆረ ምድጃ በብብታቸው ይዘዋል፣ በሌላው እጃቸው የከሰል ማዳበሪያ። ደሜ ፈላ። ያ ምድጃ ሣሬ ላይ ሲጨስ፣ አለቃዬ በመሐረብ አፍንጫውን ሲይዝ ታየኝ። ሮጬ ያዝኳቸው።

«ሐጂ፣ ዛሬ ከሰል አያስፈልግም። በጋዙ ይጠበስ። የእናንተ ይቅደም፣ የእኛ በኋላ ይደርሳል።»

ምድጃውን አላስቀመጡም። መጥበሻውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«አዲስ ነው አልከኝ?»

«አዲስ ነው።»

«ምንም አልተጠበሰበትም?»

«ምንም፣ ሐጂ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስቲ ልጄ፣ ተረጋግተህ አስበው። እኔ እንደሆንኩ ጥግ ይዤ አቀጣጥላለሁ። ጭሱ እንግዶችህን የሚያስቸግር ከሆነም ችግር የለም፣ ከግንቡ ወዲያ ቤቴ ጠብሼ ይዤ እመጣለሁ። እውነቱን ብቻ ንገረኝ።»

ከዚህ በላይ በር ለሰው ይከፈትለታል? «እንደሱ ይሻላል ሐጂ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አለቃዬ ግን ከኋላዬ ደርሶ «አቤት፣ ይኼን ከየት አመጣኸው?» ሲል ሰማሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ልጄን፣ ሐጂ፣ ከካርቶን የወጣ ነው» አልኩ። ያን ዕለት ክርስትና በተነሳችው ልጄ ማልኩ።

«እንግዲህ ማልክ» አሉ ሐጂ። ምድጃቸውን ከበሩ ኋላ አስቀመጡት።

ጠበስኩ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፣ ሥጋው ጭስ ሳይነካው ቡናማ ሆነ፣ አለቃዬ «እዚያም እኮ እንዲህ ነው» አለ። ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን ምንም አልጣመኝም። የሐጂን ቤተሰብ ድርሻ በራሳቸው ሳህን አድርጌ በግንቡ ጥላ ሥር ወደተቀመጡበት ወሰድኩ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ሲሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ጥግ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ባለቤቴ ቤት ውስጥ ልጅ እያጠባች ነበር። ስትወጣ እኔን መጥበሻው ላይ፣ የእነ ሐጂን ሳህን ደግሞ ጭናቸው ላይ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔን አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ሐጂ ሚስት ሄዳ ጎንበስ አለች። ጨምሩ፣ ብሉ እያለች የምታስተናግድ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ሰረቅ አድርጌ ሳይ ሳህኖቹ ባዶ ናቸው። አለቀልኝ አልኩ። እኚያን ሰውዬ ከነሚስታቸው ከነልጆቻቸው እርም አበላኋቸው። ሐጂ ሲሄዱ ልጄን መርቀው፣ እኔን እንደወትሮው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንደገፋሁ እኔ ነኝ የማውቅ። በሱቃቸው በኩል ላለማለፍ በጀርባ በአትላስ ሰፈር በኩል ዞሬ ነበር የምገባው። ሰውየው በቀን አምስት ጊዜ ታጥበው ለጸሎት የሚቆሙ ናቸው፤ እኔ ደግሞ አለቃዬ አፍንጫውን እንዳይዝ ብዬ የማይነኩትን አጎረስኳቸው። አንድ ሳምንት በዚያ በኩል ስዞር ያየችኝ ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ሄደህ ንገራቸው» አለችኝ። «ምን ብዬ?» አልኳት። «በማልክበት አፍህ» አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አስቤበት ነው የተናገርኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። ሐጂ ስኳር በወረቀት ይቋጥራሉ።

«ሐጂ፣ መጥበሻው አዲስ አልነበረም» አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም። «ከፈረንጁ ነው የገዛሁት። አሳማ ይጠብስበት ነበር። ዋሽቼ አበላኋችሁ።»

የያዙትን ስኳር ቋጥረው ጨረሱ፣ ከሌሎቹ ጎን ደረደሩት። «አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«የገዛህ ዕለት እዚሁ ተቀምጬ ነበር፤ በፊቴ ነው እየገፋህ ያለፍከው። የፈረንጁ ዘበኛም አጠገቤ ሻይ ይጠጣ ነበር። የአሳማውንም ነገር እሱ ነገረኝ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። «ታዲያ እያወቁ እንዴት በሉ?»

«ማን በላ?» አሉ። «አልበላንም። ባለቤትህም መጥታ ለሚስቴ በጆሮዋ ነግራታለች። ሳትነግረንም እናውቅ ነበር፤ ግን ነገረችን፣ አላህ ይስጣት። ሥጋውን ሚስቴ በፌስታል ጠቅልላ በነጠላዋ ይዛው ወጣች። ልጆቹን እንዳትነኩ ብያቸው ዳቦና ለስላሳ ይዘው ተቀመጡ። ቤት ገብተን ሻይ አፍልተን ጠጣን።»

በገዛ እጃቸው ያረዱት በግ ነው። ሽታው አፍንጫቸው ላይ፣ ሳህኑ ጭናቸው ላይ፣ ያን ሁሉ ሰዓት በባዶ ሆዳቸው ስቀውልኝ ሄዱ። ሲበሉ ያየሁ መስሎኝ ነበር እንጂ ያየሁት ባዶ ሳህን ብቻ ነበር።

«ምነው ያኔ ቢነግሩኝ?»

«ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ። አራተኛ ብጨምር ሰው ይሰማ ነበር። በልጅህ ክርስትና ቀን፣ በአለቃህ ፊት ላዋርድህ?»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

«እኔ ያኔውኑ ይቅር ብያለሁ፤ አላህም ይቅር ይበልህ» አሉ። ከዚያ «ግን ያችን ሕፃን ምን አደረገችህና ማልክባት?» አሉኝ።

መጥበሻውን ለቆራሌው ሰጠሁት። ለፋሲካ እንደ ልማዳችን ሁለት በግ ገዛሁ፤ ሐጂ ምድጃቸውን ይዘው መጡ፣ ከሰላቸውን አቀጣጠሉ፣ የንፋሱንም ቀልድ ቀለዱ። ሁሉ ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መስሎኝ ልቤ ቀለል አለው። ሥጋው እስኪደርስ ብዬ ባለቤቴ የጠበሰችውን ሳምቡሳ በሰሃን ይዤ ቀረብኩ።

«ሐጂ፣ የምስር ነው፤ ሥጋ የነካው ዘይት አይደለም» አልኳቸው።

«አላህ ይስጥልኝ» ብለው በፈገግታ አንድ አነሱ። አልጎረሱትም። በእኔ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ ባለቤቴ ተመለከቱ።

«ልጄ» አሏት፣ «ይህ የምስር ነው?»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሳቸውን። «የምስር ነው፣ ሐጂ። ዘይቱም ንጹሕ ነው።»

«ቢስሚላህ» አሉና ጎረሱ። ለልጆቻቸውም አደሉ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩን እስክንለቅ ድረስ ብዙ ዓመት ጎረቤት ሆነን ኖርን። በሐዘንም በደስታም ቤቴ መጥተዋል፣ ቤታቸው ሄጃለሁ። አንድም ቀን ፊት አልነሱኝም፤ አንድም ቀን ደግሞ በእኔ ቃል ብቻ አልጎረሱም።