ኮምፒውተሩ ያጠፋው መስቀል

ከቢቸና የወጣሁ ለት ሌሊት እናቴ አላለቀሰችም። ግንባሬ መሃል ያለውን የመስቀል ንቅሳት ሳም አድርጋ ወደ መኪናው ገፋ አደረገችኝ። በልጅነቴ ሞጣ ወስዳ ያስነቀሰችኝ እሷው ናት። ጀርመን ከገባሁ ወዲህ ያየኝ ሁሉ ምንድን ነው ሲለኝ፣ ማዕተቤ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ።

እንግዲህ እግዚአብሔር የፈቀደው አይቀርም፣ አፍንጫዬ ላይ ክፉ ቁስል ወጣ። ቆርጠው አወጡት፤ ግራ ጎኑ ጎደሎ ቀረ። ያለ ጭምብል ከቤት መውጣት ተውኩ፤ ቅዳሴ እንኳ ከሰው ኋላ ነው የምቆመው።

ቢቸና ጤና ጣቢያ ቢሆን መጀመሪያ የማን ልጅ ነሽ ይሉሻል። እዚህ ያለችው ሐኪም ግን ምንም ሳትል ግንባሬን ቆንጠጥ አድርጋ ቆዳው ይሳብ እንደሆነ አየች። ከዚያ ፊቴን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንስታ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችው። «ሲሙላፂዮን» ይሉታል፤ ምላጭ ሳይነካሽ ቀዶ ጥገናውን አስቀድሞ በሥዕል ማየት ነው። ከግንባሬ ላይ የተላጠ ቆዳ ዞሮ አፍንጫዬን ሲሸፍን አሳየችኝ። ያማረ አፍንጫ ነበር። ያማረ ነገር ደግሞ ያስጠረጥረኛል፤ ወደ ጀርመን ያመጣኝ ደላላም ያማረ ፎቶ ነበር ያሳየኝ።

ቀረብ ብዬ ሳየው ግንባሬ ባዶ ነው።

«መስቀሌስ?»

«ፕሮግራሙ አጥፍቶታል» አለችኝ፣ ደግ እንደሠራ ሰው ፈገግ ብላ። «እድፍ መስሎት ነው።»

ይመለስልኝ አልኳት። መለሰችው። ቆዳው እንደገና ሲዞር መስቀሉ ከግንባሬ ወርዶ፣ ተዘቅዝቆ አፍንጫዬ ላይ ቁጭ አለ። ኋላ የንቅሳቱን ቀለም አስቀድሞ በሌዘር ማጥፋት ይቻላል አለችኝ። አይሆንም ካልኩ ከጆሮዬ ኋላ ቆዳ ይወሰዳል፤ ግን ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ይኮማተራል። ኮምፒውተሩ ያንንም አሳየኝ፤ አፍንጫዬ ወደ ላይ ተሸብሽቦ።

ልክ እንደሚታየው መሆኑ እርግጥ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ግምት ነው» አለች።

ታዲያ ለግምት ነው መስቀሌን የማስረክበው? አስቢበት ብላ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ለእናቴ ደወልኩ፤ አፍንጫዬ ከተቆረጠ ወዲህ በድምፅ ብቻ ነው የማናግራት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ከተቆጣች እምቢ ማለት ይቀለኛል። ጨርሳ ሰማችኝ።

«መስቀሉን ያስነቀስኩሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። «አፍንጫውን ግን የሰጠሽ እግዚአብሔር ነው።»

እንዲህ ቶሎ መልስ መስጠቷ አላማረኝም። ከዚህ የሚደውልላት ሰው፣ ፊቴ እንዴት እንደሆነ ሹክ ብሏት ይሆን?

«እስቲ ካሜራውን ክፈቺውና ልይሽ፣ ልጄ።»

«ኔትወርኩ እምቢ አለኝ፣ እምዬ።»

«የእኛስ ደኅና ነው» አለችና መጠበቅ ጀመረች።