«እንብላ» ላልል ቃል ገብቼ አሊካንቴ የዋልኩበት ቀን

ንጋት፣ ትራንስቫል ሰፈር፣ ዴንሃግ (ሆላንድ)

የዴንሃግ ሰማይ እንደ ልማዱ አካፍቷል። የሰፈራችን ገበያ ገና አልተከፈተም፤ የአሳው ሽታ ግን ከትናንት የቀረ ነው። እኔና ልጄ ሃያት በየጀርባችን አንዳንድ ቦርሳ አዝለን ጎረቤታችንን ከድርን እንጠብቃለን። ሻንጣ የለ፣ ሆቴል የለ፤ ጠዋት ሄደን ማታ መመለስ ነው። ከድር ካፔለ አን ደን አይሰል የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ በመንገዱ ሮተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ሊያደርሰን ነው።

«ለአንድ ቀን ስፔን?» አለ መኪናውን እያስነሳ። «ባሕር ካማራችሁ ስኬቨኒንገን በትራም አይደል እንዴ!»

«የሱን ባሕር ተወው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትኬቱ ደግሞ ርካሽ ነው።»

ርካሽነቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ላይ ትራም ውስጥ ዳቦ አውጥቼ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ «እንብላ» ብዬ ዘረጋሁለት። ደሴ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ነው ያደግነው። ሰውየው ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ፣ «የምበላው ያጣሁ እመስላለሁ?» አለኝ። ከኋላ የሃያት የክፍል ጓደኞች ነበሩ፤ ሳቁ። ልጄ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። ከዚያ ወዲህ አንድ ትራም ብንሳፈር እንኳ አጠገቤ አትቀመጥም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነች ብዬ ልተወው ብልም ሆዴ አልችል አለ።

ስለዚህ የግንቦት ዕረፍት ሲደርስ ስፔን እንሂድ አልኳት፤ ስፓኒሽ ትማራለችና። እሺ አለች፣ ግን ቀኑን ሙሉ ለማንም ባዳ ምግብ ላልዘረጋ ቃል አስገባችኝ።

«ዱ ኖርማል ብቻ፣ ማማ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ሆላንዶች «እንደ ሰው ሁን» ሲሉ ነው እንዲህ የሚሉት። እኔ እንደ ሰው መሆን መጋበዝ ይመስለኝ ነበር። ይሁን፣ ወላሂ ብዬ ቃል ገባሁ። ከድር ሲያወርደን ሁለት ሳንቡሳ አስጨበጥኩት። ሃያት አፈጠጠችብኝ።

«ከድር ባዳ ነው እንዴ?» አልኳት።

ርካሽ ትኬት ወንበር አያስመርጥም፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ደረሰን። ደስ ያላት መሰለኝ።

ረፋድ፣ ከተማው ውስጥ

ፀሐይ! ከአውሮፕላኑ እንደወጣን ጃኬታችን ቦርሳ ውስጥ ገባ። የአውቶቡሱ ሹፌር እያንጎራጎረ ይነዳል፤ ሃያት የት እንደምንወርድ ስትጠይቀው ዘፈኑን አቋርጦ በእጁም በአፉም አስረዳት። ልጄ በማላውቀው ቋንቋ ከማላውቀው ሰው ጋር ስትግባባ አንገቴ አንድ ስንዝር ረዘመ።

አሊካንቴ ጩኸት የሚወድ ከተማ ነው። በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ዘንባባ፣ እንደ ማዕበል የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ፣ ከከተማው በላይ ራቁቱን የቆመ ዐለትና ጫፉ ላይ ግንብ። በገበያው አዳራሽ ውስጥ ቀይ ሽሪምፕ በበረዶ ላይ ተከምሯል፤ የአሳማ እግር ደግሞ እንደ መጋረጃ ተደርድሮ ተሰቅሏል። አንዱ ሻጭ ከዚያው ቆርጦ ለሃያት ዘረጋላት። እሷ ፈገግ ብላ ሙስሊም መሆናችንን ነገረችው። ሰውየው አልተቀየመም፤ በምትኩ የወይራ ፍሬ በእጃችን ሞላልን።

«አየሽ? ባዳ ምግብ ዘረጋ» አልኳት።

«እሱ ሻጭ ነው፣ ማማ።»

ቀትር፣ ባሕሩ ዳር

ሆዳችን ሲጮህ ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍን። ሃያት ቦርሳዋን በመካከላችን አስቀመጠች። ከጎናችን አንዲት አሮጊት ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸው እናቴን ያህላል።

የሳንቡሳውን ሣጥን ስከፍት የምስሩና የቃሪያው ሽታ ወጣ። አሮጊቷ ዞር ብለው አዩን። ወይ ጉዴ! እንብላ ሳልል እንዴት ይወርድልኛል? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ እኔ ግን የተናገርኩት የወለድኳት እንዳትጠፋብኝ ብዬ ነው። ፊቴን ወደ ባሕሩ አዙሬ እንደ ሌባ ጎረስኩ። አነቀኝ።

ይሄኔ አሮጊቷ ከቅርጫታቸው ሳህን አወጡ። ራሳቸው ሳይቀምሱ ሳህኑን ወደ እኛ ዘርግተው አንድ ነገር ተናገሩ። ሃያት ክው አለች።

«ምን አሉ?»

«ማማ… እንብላ ነው የምትለው።»

«የሚሉት በይ! እውነትሽን ነው?»

«እሺ፣ የሚሉት። እንብላ አሉ፣ በቃ!»

አልሃምዱሊላህ! ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ታዲያ መልሺላቸዋ። እኔ እንደሆን ቃል አለብኝ፣ አፌ ታስሯል።»

«ማማ!»

«ወላሂ ብያለሁ።»

ፊቷ ቀላ። ከዚያ የሳንቡሳውን ሣጥን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጎንበስ አለች፣ ዘረጋችላቸው። በሁለት እጇ! እንዲህ አድርጊ ያላት የለም፤ እኔን እያየች ነው ያደገችው።

አሮጊቷ ገመጡ፤ ቃሪያው ዓይናቸውን አስነባው፤ ሳቁና ደገሙ። እኔም ሥጋ እንደሌለው አስጠይቄ፣ ቢስሚላህ ብዬ የእሳቸውን ቀመስኩ፤ ድንችና እንቁላል ነው፣ ጣፋጭ። በልጅነታቸው ባቡር ላይ ፉርጎውን ሁሉ ሳይጋብዙ ምግብ መክፈት ነውር ነበር አሉ። ሃያት ተረጎመችልኝ። አንድ ቦታ ላይ ግን ሳትተረጉምልኝ በአጭሩ መለሰችላቸው፤ እኔም ቃል ጠፍቷት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሰዓት፣ ግንቡ ላይ

ወደ ላይ የሚያወጣ ሊፍት አለ፤ ያስከፍላል። በእግራችን ወጣነው፤ ጉልበቴን አላህ ይወቀው። ጫፍ ላይ ደርሰን ወደቡ፣ ጀልባዎቹ፣ ጣሪያው ሁሉ ከእግራችን በታች ሆኖ ሳለ ሃያት በድንገት፣

«አንድ ነገር ሳልተረጉም ዘልዬብሽ ነበር» አለች።

«ምን?»

«የልጅ ልጃቸው ታፍርባቸዋለች። ሰው ሲጋብዙ። ስለዚህ ባሕር ዳር አብራቸው አትመጣም፣ ብቻቸውን ነው የሚመጡት።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። «እኔም እንደሷ ነኝ አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ሌላ ሳንቡሳ ወሰዱ።»

ሳቅን፤ እሷ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን ልደብቅ።

ምሽት፣ ዴንሃግ

ከሮተርዳም በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሜትሮ፣ ከዚያ ያው የፈረደበት ትራም። ውጪው ገና ብርሃን ነው። ሃያት እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቦርሳዋን እግሯ ሥር አደረገች።

ሣጥኑን ከፈተች፤ አንድ ሳንቡሳ ቀርቷል። ከፊታችን የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ተቀምጧል፣ ማዳመጫ በጆሮው። እሷ እጇን ዘርግታ በደች ጋበዘችው፤ ድምጿን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። ሰውየው ማዳመጫውን ነቅሎ ሳንቡሳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ልወርድ ትል ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ።

«ችግር የለም፣ ማማ» አለች፣ «እኛ ጋብዘነዋል።»

ሳንቡሳውን ለሁለት ገመሰችና ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ።